ወተት የማይገዙ ሁለት ቤቶች

ድሬሰር አስረስ ማረፉን የነገረችኝ ጎረቤቴ ዘነበች ናት። ከቅዳሴ ስንወጣ ነጠላዬን ይዛ ጎተት አደረገችኝና «ያ ሰውዬሽ አረፈ» አለች። የቱ ሰውዬ ብዬ አልጠየቅኋትም። ዘነበች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምታነሣብኝ ሰው አንድ ብቻ ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝና ነፍስ ይማር ለማለት እንኳ አልቸኮልኩም። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «ደብተሩስ?» የሚል ነው።

ዘነበች ቆም ብላ አየችኝ። «አሁንም?» አለች።

አዎ፣ አሁንም። ደርግ ከወደቀ ስንት ጊዜው ነው፤ የዚያን ጊዜ የቀበሌ ሊቀመንበራችን የነበረውም ከሞተ ቆየ። እኔ ግን ያ ደብተር የት እንደገባ ሳላውቅ አንድም ቀን ልቤ አርፎ አያውቅም። ሰው ሲሞት ዕቃው ይበተናል፤ የማን እጅ እንደሚገባ ማን ያውቃል? የተናገሩት ይረሳል፣ የተጻፈ ግን ተቀምጦ ይጠብቃል።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ፣ ልጄን የሺን አጠገቤ አስቀምጬ ነው። ስለዚህ አጻጻፌ ወዲያ ወዲህ ቢል ታገሡኝ። በዚያ ዘመን የምንኖረው ከላምበረት ዝቅ ብሎ፣ አሁን ፎቅ በፎቅ ላይ የተደረደረበት ቦታ ነበር። ያኔ ባሕር ዛፍና የግጦሽ ሜዳ ነው። ዝናብ ሲጥል ጭቃው ጫማ ያስቀራል። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበረ የአሰብን መንገድ ከያዘ ሳምንታት ሳላየው እከርማለሁ። እኔ ደግሞ አራት ላሞች ነበሩኝ። ጠዋት አልቤ፣ ክዳን ያለው ባልዲዬን አንጠልጥዬ፣ ለአንዱ በብርጭቆ ለአንዱ በጠርሙስ እየቀዳሁ ሠላሳ የሚሆን ቤት አዳርሳለሁ። ያ ዘመን ሰው ከሰው ጋር ቆሞ ማውራት የፈራበት ዘመን ነበር። ወተት የያዘች ሴት ግን የትም ገብታ ትወጣለች፤ ማንም ምን ፈልገሽ አይላትም።

ከላሞቹ ጋጣ በላይ የጭድ ቆጥ አለ። እዚያ ቆጥ ላይ በላይ የሚባለው ታናሽ ወንድሜ ተደብቆ ነበር። ተማሪ ነው። በነጻ እርምጃው ሰሞን ጓደኞቹ አንድ በአንድ ሲለቀሙ የሱም ስም ከዝርዝሩ ገብቷል ተባለና ወደ እኔ መጣ። እዚያ መኖሩን የምናውቀው እኔና እግዜር ብቻ ነን። ለዘነበች እንኳ አልነገርኳትም፤ ዘነበች ወዳጄ ናት፣ ግን አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

በዚያ ላይ የልጆቻችን ሆድ በወስፋት ተነፍቶ ነበር። ከወንዙ ይጠጣሉ፣ ጭቃ ላይ ይውላሉ፤ ሆዳቸው እንደ ከበሮ፣ እግራቸው እንደ እንጨት። ቀበሌው አንድ ቀን በጡሩንባ አስለፈፈና እናቶች ሁሉ ልጆቻችንን ይዘን አዳራሹ ደጃፍ ተሰለፍን። ወስፋትን የሚያስወጣ፣ አስቀድሞም የሚከላከል ክኒን ነው ተባለ። አብዮት ጥበቃው ጠብመንጃውን አንግቶ ቆሟል፣ ጸሐፊው ስማችንን እየጠራ ምልክት ያደርጋል፣ ክኒኑ በወረቀት ተጠቅልሎ ይታደላል። እንግዲህ ጠብመንጃ አጠገብ የታደለ መድኃኒት ማን ለልጁ ይሰጣል? ማህፀን ይዘጋል ያለ አለ። ልጆቹ ሲያድጉ እምቢ እንዳይሉ ልብ የሚያለዝብ ነው ያለም አለ። እኔ የየሺን ክኒን አመድ ውስጥ ቀበርኩት። ዘነበች ቦይ ውስጥ ወረወረችው።

ክረምቱ ሳይወጣ የዘነበች ሁለተኛ ልጅ ሆዱ ተቆልፎ ሞተ። በአፉ ሳይቀር ትል ወጣ። ከቀብሩ ስንመለስ ዘነበች በዚያ ቦይ አጠገብ ስታልፍ ፊቷን አዙራ ሄደች። እኔም ያየሁ አልመሰልኩም።

ድሬሰር አስረስ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከጤና ጣቢያው ተልኮ። ቀጭን ረጅም ሰው፣ እርሳሱ ከጆሮው ላይ የማይወርድ። ከመጻፉ በፊት የእርሳሱን ጫፍ በምላሱ እርጥብ ያደርጋል፤ ስለዚህ የታችኛው ከንፈሩ ሁልጊዜ ጥቁር ነጥብ ነበረው። ደጃፍ ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ ካልተለመነ አይቀመጥም። ሁላችንንም እርስዎ ይለን ነበር፤ ያ ደግሞ የባሰ አስፈራን። የመንግሥት ሰው ወተት ሻጭን ሲያከብር ምን ፈልጎ ነው?

የሚጠይቀው ነገር ደግሞ! ስለ ሆድ ቁርጠት ቢጠይቅ ጥሩ። እሱ የሚለው ልጅዎ ቢታመም መጀመሪያ የማንን በር ያንኳኳሉ? ጨው ቢያልቅ ከማን ይበደራሉ? ማን ሲነግርዎ ነው እውነት ነው ብለው የሚያምኑት? እያለ ነው። ከዚያ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ክብ ይሠራል፣ ክቡ ውስጥ ስም ይጽፋል፣ ክቡን ከሌላ ክብ ጋር በመስመር ያያይዛል። መጀመሪያ የጀመረው ከውሃው ቦኖ አጠገብ ካለች ሴት ቤት ነበርና በሴትዮዋ ትከሻ ላይ አሻግሬ አየሁት። አንዱ ሲጎተት ሌላው ተከትሎ የሚመጣበት ገመድ መሰለኝ። ማን ዘንድ ትሄዳለህ፣ ማን ዘንድ ይመጣል፣ በዚያ ሰሞን ሰው ታስሮ የሚጠየቀው ይህንኑ አልነበረም? በዚያ ወረቀት ላይ ማንም ልጅ መስመሩን በጣቱ ቢከተል እኔ ጋጣ ይደርሳል።

ሴትዮዋ ደንግጣ የረሳች መሰለች፤ ነገ ተመለስ አለችው። እኔም በማግስቱ ጠዋት ወተቴን ይዤ ስዞር፣ ብርጭቆ በቀዳሁ ቁጥር ጎንበስ ብዬ አንድ ቃል አብሬ ቀዳሁ፦ ድሬሰሩ ከጠየቀሽ እማማ ወርቄ በይ።

እማማ ወርቄ ከቦኖው ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ጆሯቸው ከተዘጋ የቆየ ባልቴት ናቸው። ዘመድ የላቸው፣ የሚጦር የላቸው። ዘነበች ስነግራት ዓይኗን አፈጠጠች።

«በደንቆሮ አሮጊት ላይ ልታላክኪ?»

«ማን ያስራቸዋል? ቢጠይቋቸውስ ምን ሰምተው ይመልሳሉ?» አልኳት።

ልጇን ከቀበረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሳቋን ሳይ ኃጢአቴ ቀለለኝ።

ድሬሰሩ ዞረ። ልጅዎ ቢታመም? እማማ ወርቄ። ጨው ቢያልቅ? እማማ ወርቄ። ማንን ያምናሉ? እማማ ወርቄን። እሳቸውን በዓይኗ አይታ የማታውቅ ሴት ሳትቀር እማማ ወርቄ ከሌሉ እኔም የለሁም ብላ ማለችለት አሉ። እሱ ዝም ብሎ እርሳሱን እያረጠበ ይጽፋል። በመጨረሻ ሁሉ በሚያምናቸው ሰው እጅ ላድል ብሎ ሦስት ካርቶን ክኒን አሸክሞ መጣና እማማ ወርቄ ደጃፍ አወረደ። እማማ ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ደባብሰው «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ለእኔ ሆድ ነው?» አሉት። ቦኖው ላይ የነበርን ሴቶች እንስራችንን ጥለን ሳቅን። እሱም ዞር ብሎ አየን። አልተቆጣም። ሰው ያልተቆጣበት ነገር ደግሞ ከተቆጣበት ይብሳል።

ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ እማማ ወርቄ መደብ ላይ ተቀምጦ ዋለ። አንድ እናት አልመጣችም። እሱ ደብተሩን ያያል፣ መንገዱን ያያል፣ መልሶ ደብተሩን ያያል። እኔ በባልዲዬ ሳልፍ ዓይኑ ሲከተለኝ ጀርባዬ ላይ ይሰማኝ ነበር።

በሳምንቱ ጠዋት ላም እያለብኩ የጋጣው በር ጨለመ። ቀና ስል ድሬሰር አስረስ ቆሟል። ሦስት ጊዜ እንኳ ሳይለመን ገባ። ደብተሩ ብብቱ ሥር ነው። እኔ ጡቱን ይዤ ቀረሁ፤ ወተቱ መውረዱን አቆመ። ወንድሜ ከድሬሰሩ ራስ በላይ፣ አንድ ክንድ ከፍታ ላይ ነበር።

«እትዬ አሰገደች፣ ሁለት ቤት ብቻ ሌላ ስም ሰጡኝ» አለኝ።

ባልዲውን በእግሮቼ መካከል አጥብቄ ያዝኩት።

«አንዷ የራሷ ላም ያላት ናት። ሌላኛው ባለፈው ሳምንት የገባ ተከራይ ነው። ሁለቱም ወተት አይገዙም።»

ይኸውላችሁ፣ ውሸቴ ራሷ ዱካ ትታ ሄዳለች። ሁሉም አንድ ስም ሲሰጡት ስሙን ትቶ ስሙ የመጣበትን መንገድ ነው የፈለገው። ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል ማለት ይኼ ነው። አለቀልኝ ብዬ ሳስብ እሱ ቀጠለ። የቀበሌው ጡሩንባ የሁሉ ጆሮ ይደርሳል፣ ግን ማንም አያምነውም አለ። የእኔ ቃል ግን በአንድ ጠዋት ሠላሳ ቤት ገብቶ ሠላሳውም ቤት ታምኗል።

«ውሸቱን እንዳደሉት ክኒኑን ያድሉልኝ» አለ። «መድኃኒት እግር የለውም። የሚሄደው ሰው በሚያምነው ሰው እግር ነው።»

ያን ጊዜ ቆጡ ላይ ወንድሜ ተንቀሳቀሰ። ጥቂት ነው፣ አይጥ ከምትንቀሳቀሰው የማይበልጥ። ጭድ ብትን ብሎ ወረደና ድሬሰሩ ትከሻ ላይ አረፈ። ሁለታችንም ጭዱን አየን። ቀና አላለም። በጣቶቹ ቀስ ብሎ አራገፈው፣ «ላሞቹ ጭድ ያባክናሉ» አለና ወደ ደጅ ወጥቶ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። ካርቶኖቹን ከሰዓት በኋላ አመጣቸዋለሁ ብሎ ሄደ።

አሁን እናንተ ደግ ሰው ትሉ ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ ነው ያሰብኩት፦ ይህ ሰው አይቷል። አይቶም ዝም ያለው ለነገ አስቀምጦኝ ነው። እምቢ ብል ጭዱን ያስታውሳል። በፍርሃት ተቀበልኩት፤ ጽድቅ አስቤ እንዳይመስላችሁ።

በማግስቱ ከወተቱ ጋር ክኒን ይዤ ወጣሁ። ያለ ጡሩንባ፣ ያለ ጠብመንጃ። ለየሺ ሰጥቻታለሁ፣ ምንም አልሆነችም እያልኩ አደልኩ። ሴቶቹም ተቀበሉኝ። ዘነበች ደጃፍ ስደርስ የቀረችላትን ልጅ ታቅፋ ነበር። ክኒኑን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። ክኒኑን አላየችም፣ ዓይኔን ነው ያየችው።

«አሰገደች፣ በማርያም፣ ለየሺ ሰጥተሻታል?»

«ሰጥቻታለሁ» አልኳት።

አልሰጠኋትም ነበር። ዘነበች ግን አመነችኝና እዚያው ፊቴ ልጇን አስዋጠቻት። የቀረውን ቤት ሳላዳርስ፣ ባልዲዬን እንደያዝኩ እየሮጥኩ ቤቴ ገባሁ። የሺን ቀስቅሼ ክኒኑን በወተት አጠጣኋትና ቀኑን ሙሉ እስከ ማታ ፊቷን ሳይ ዋልኩ። በማግስቱ ትሉ ወጣ። የዘነበች ልጅም ወጣላት። በወሩ የሰፈሩ ልጅ ሆድ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ እናቶች «ከወተትሽ ጋር ያንን ነገር ጨምሪልኝ» እያሉ ይለምኑኝ ጀመር። ያቺ የራሷ ላም ያላት ሴትዮ ሳትቀር ወተት ልግዛሽ ብላ መጣች።

ጥርጣሬዬ ግን አልወጣም፤ ለእሱ ክኒን የለውም። ድሬሰሩ ጋጣዬ በመጣ ቁጥር ደጅ ቆሞ ጮክ ብሎ ይስላል፣ ከዚያ ነው የሚጠራኝ። ለምን ይስላል? እያልኩ ስንት ነገር አሰብኩ። አንድም ቀን ለጥሩ ነው አላልኩም።

አንድ ቀን አብዮት ጥበቃዎች ከቦኖው አጠገብ ይዘውት ሄዱ። ሊቀመንበሩ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ የሚያሳይ ወረቀት ጓድ ድሬሰሩ ዘንድ አለ መባሉን ሰምቶ ነው። ሰፈሩ ጭር አለ። በማግስቱ ረፋድ ላይ ጠብመንጃ የያዙ ሰዎች መጡና በቀጥታ እማማ ወርቄ ቤት ገቡ። ፍራሹን ገለበጡ፣ መደቡን ቆፈሩ። ያገኙት ባዶ ካርቶንና አንዲት ዶሮ ነው። እማማም አንዳቸው የሚሉትን ሳይሰሙ ኖር፣ ኖር እያሉ መቀመጫ ያቀርቡላቸው ነበር አሉ።

እኔ ከዚያ የተረዳሁት አንድ ነገር ነው፦ ወረቀቱን ሰጥቷል። ዛሬ እማማ ወርቄ፣ ነገ ደግሞ ወተት ሻጯ። እግዜር ሲረዳኝ ባለቤቴ ከአሰብ የገባው በዚያው ቀን ነበር። ሁሉን ነገርኩትና በላይን መኪናው ላይ ከባዶ ጆንያ ሥር አስተኝተን በጠራራ ፀሐይ በላምበረት አስወጣነው። ፊቱን ከዚያ በኋላ ያየሁት ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው፤ ሸብቶ፣ ልጆች ወልዶ።

ጋጣዬን የፈተሸ ግን አልመጣም። ድሬሰሩም አልተመለሰም። ሰው ተዛውሯል አለ። እኔ ተሹሞ ነው አልኩ። ሰው አሳልፎ የሰጠ በዚያ ዘመን ሌላ ምን ይሆናል?

ደርግ ሲወድቅ ተመልሶ መጣ። ጉርድ ሾላ ትንሽ መድኃኒት ቤት ከፈተ። እግሩን ያነክሳል፤ መሬቱን እንደ ፍም እየፈራ ነው የሚረግጠው። መጀመሪያ ቀን ሳየው ለዘነበች «እግዜር ሥራውን አይረሳም» አልኳት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ አፌ። ከዚያ በኋላ በመድኃኒት ቤቱ በኩል ማለፍ ካለብኝ መንገዱን እሻገራለሁ። ዓመታት ተሻገርኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ታክሲ ስጠብቅ ደረሰብኝ። እያነከሰ መጥቶ «እትዬ አሰገደች፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ» አለ። አሁንም ጥያቄ! ያልሰማሁ መስዬ የመጣው ታክሲ ላይ ወጣሁ። ወዴት እንደሚሄድ እንኳ አላየሁም። በመስኮት ሳየው እጁን እንዳነሣ ቆሟል።

እንግዲህ ለልቅሶው የሄድኩት ደብተሩን ፍለጋ ነው፤ እውነቱን ልናገር ብዬ ነው የምጽፈው። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሳሳ ሲል ባለቤቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ያገባት ከተመለሰ በኋላ ነው፤ የእኛን ሰፈር አታውቀውም፣ እኔንም አታውቀኝም። እግሩን ምን ነክቶት ነበር? ብዬ በዘወርዋራ ጀመርኩ።

ውስጥ እግሩን ገርፈውት ነው አለችኝ። ስምንት ወር ታስሮ ነበር። ድሬሰር ሳለ የሠራው አንድ ወረቀት ነበር። ሁሉም መስመር ወደ አንዲት ደንቆሮ አሮጊት የሚሄድ ወረቀት። አሮጊቷን ፈትሸው ሲያጡ ትቀልድብናለህ፣ ትክክለኛውን አምጣ ብለው ገለበጡት።

«ታዲያ ምን አላቸው?» አልኳት።

«ሰዎቹ የነገሩኝ ይህን ነው አላቸው። ስምንት ወር ሌላ ቃል አልወጣውም።»

ደብተሩስ? አልኳት፤ ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። ሌላ ደብተር አልነበረውም አለች። እውነተኛውን መንገድ ወረቀት ላይ አላኖረውም። ያን ጠዋት ጋጣ ውስጥ እርሳሱ ከጆሮው አለመውረዱ፣ ደብተሩ ከብብቱ አለመውጣቱ ታወሰኝ። ያን ሁሉ ዓመት እንቅልፍ የነሣኝ ወረቀት ላይ የነበረው የገዛ ውሸቴ ነው።

እሷም እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ አንድ ነገር ብቻ ይከነክነው ነበር አለች። «ጭድ ቆጥ ላይ የተደበቀ ሰው ነበር፤ የማን ዘመድ እንደሆነ ለእኔም አልነገረኝም። ሙት ዓመቱ የተረሳ ዘመን ነው እያልኩት እንኳ፣ ምግብ ላይ ሆኖ ድንገት ያ ሰው ተርፎ ይሆን? ይላል። የሚያውቅ ሰው አለ፣ ግን መጠየቄን ሲያይ ይፈራኛል ይል ነበር። በሞተበት ሳምንትም ይህንኑ ሲል ነበር።»

ከዚያ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «እርስዎን ማን ልበል? ከየት ያውቁት ነበር?»

ጎረቤት ነኝ ልል ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ያን ጊዜ የለመደው ምላስ ነው፣ ሲጠየቅ የሌላ ስም የሚሰጥ። ዋጥኩት።

«ጭዱ የእኔ ነው» አልኳት። «ወንድሜ ነው። ተርፏል። ዛሬም አለ።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ክንዴን ይዛ አስነሣችኝና ፎቶግራፉ ወደ ተቀመጠበት ጠረጴዛ ወሰደችኝ። በፎቶግራፉ ላይ አርጅቷል፤ እርሳሱ ግን ጆሮው ላይ ነው።

«ለእኔ አይደለም» አለችኝ። «ከፍ አድርገው ለእሱ ይንገሩት።»

ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ እያየኝ፣ ከፍ አድርጌ ነገርኩት።